ፕሉሼንኮ በቫንኩቨር ተዘረፈ ወይስ ራሱ አባከነው?

ከሽቱትጋርት (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ከሩጫና ከእግር ኳስ ወጣ ያለ ወግ ይዤ መጥቻለሁና ታገሡኝ፤ ስለ ፊገር ስኬቲንግ ነው፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ ስለሚዘልሉበትና ስለሚሽከረከሩበት ስፖርት። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በፌብሩዋሪ 2006 የቱሪኑ የክረምት ኦሊምፒክ ሲጀመር ቴሌቪዥኔን የከፈትኩት ለሮቤል ተክለማርያም ስል ነበር። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትወከል ያ የመጀመሪያዋ ነው። የሮቤል የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር እስኪደርስ ግን ሳምንት ያህል መጠበቅ ነበረብኝ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ምሽት ላይ ይተኛል፤ እኔም ድምፁን አጥፍቼ የመጣውን ሁሉ አያለሁ። ማክሰኞ ማታ አንድ ቀጭን፣ ፀጉሩ የገብስ ነዶ የመሰለ ሩሲያዊ ወደ በረዶው ወጣ።

ሙዚቃውንም የተንታኙንም ወሬ አልሰማሁም። ያየሁት እግሩን ብቻ ነው። ወደ ኋላ እየተንሸራተተ መጣ፣ የግራ ጫማውን ጥርስ በረዶው ላይ ተከለ፣ ተነሣ፣ ዞረ፣ በቀኝ እግሩ አረፈ፤ ማረፉን ሳላምን እንደገና ተነሣ። ስንት ጊዜ እንደዞረ መቁጠር አልቻልኩም። መጀመሪያ አራት፣ ቀጥሎ ሦስት መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ከጋዜጣ ነው።

ኢቭጌኒ ፕሉሼንኮ ነበር። በአጭሩ ትርዒት 90.66፣ በረጅሙ 167.67፣ በድምሩ 258.33 አግኝቶ ወርቁን ወሰደ። ሁለተኛ የወጣው ስዊዘርላንዳዊው ስቴፋን ላምቢየል ያገኘው 231.21 ነው። የ27 ነጥብ ልዩነት! በዚህ ስፖርት ይህ ውድድር አይባልም፤ አንዱ ሮጦ ሌላው የሄደ ያህል ነው።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ከአራት ዓመት በኋላ በቫንኩቨር አሜሪካዊው ኢቫን ላይሳቼክ 257.67፣ ፕሉሼንኮ 256.36 አገኙ። በ1.31 ነጥብ ወርቁ አመለጠው። ላይሳቼክ አንድም ባለአራት ዙር ዝላይ አልሞከረም፤ ፕሉሼንኮ በሁለቱም ትርዒቶች ዘሏል። የሩሲያ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ «ተዘርፏል» ይላሉ። እኔ ለዓመታት እንደዚያ ስል ቆይቼ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ።

ምክንያቴ ይኸውና። በጊዜው ደንብ ከትርዒቱ አጋማሽ በኋላ የሚዘለል ዝላይ 10 በመቶ ጭማሪ ያገኛል፤ እግር ሲደክም መዝለል ስለሚከብድ ነው። በረጅሙ ትርዒት ስምንት የዝላይ ዕድል አለ። ላይሳቼክ አምስቱን ወደ መጨረሻው አሻገረ። ፕሉሼንኮ አምስቱን መጀመሪያ ላይ ጨርሶ ሦስት ብቻ አስቀረ። 8.2 ነጥብ የሚያወጣውን አንዱን ባለሦስት ዙር አክስልና 5.0 የሚያወጣውን ሉፕ (ሁለቱም የዝላይ ዓይነቶች ናቸው) ወደ ሁለተኛው አጋማሽ ቢያሸጋግራቸው ኖሮ 0.82 እና 0.50፣ በድምሩ 1.32 ይጨመርለት ነበር። የተሸነፈው በ1.31 ነው። ታዲያ ማን ዘረፈው? ራሱ ነው ያባከነው።

ያጉዲን_ይበልጣል

ገና ከጅምሩ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው የምታወሩት። የሩሲያ የወንዶች ስኬቲንግ ሲነሣ አሌክሲ ያጉዲን ይቀድማል። በ1998፣ በ1999፣ በ2000 እና በ2002 የዓለም ሻምፒዮን፤ በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ ላይ የኦሊምፒክ ባለወርቅ። ፕሉሼንኮ የዚያን ጊዜ የት ነበር? በአጭሩ ትርዒት ባለአራት ዙሩን ሲዘል ወድቆ አራተኛ ሆኖ ነበር።

በድሮው የ6.0 አሠራር (ዳኞች ከ6.0 ነጥብ በሚሰጡበት) ደግሞ አራተኛ መሆን ማለት ዕጣህ ከእጅህ ወጣ ማለት ነው። የአጭሩ ትርዒት ደረጃ በግማሽ ተባዝቶ ከረጅሙ ደረጃ ጋር ይደመራል፤ ትንሹን ያገኘ ያሸንፋል። ያጉዲን በሁለቱም አንደኛ ወጥቶ 1.5 ይዞ ጨረሰ። ፕሉሼንኮ በረጅሙ ሁለተኛ ስለወጣ በ4.0 ብር አገኘ። ረጅሙን አንደኛ ቢወጣም እንኳን ያጉዲን ካልተንሸራተተ በቀር ወርቅ አይደርስበትም ነበር።

ያጉዲን በዚያ አጭር ትርዒት የበረዶውን ብናኝ በእጁ አፍሶ ሲበትነው ያላየ ሰው ስለዚህ ስፖርት ባያወራ ይሻላል።

ከሽቱትጋርት

ወንድሜ፣ ያጉዲንን ማን ናቀብህ? ስምህን እንኳን በእሱ አድርገሃል። ጥያቄዬ ስለ ቫንኩቨር ነው፤ ያጉዲን ደግሞ በዳሌው ሕመም ምክንያት ከ2002 ወርቁ ብዙም ሳይቆይ ውድድር አቁሟል። ፕሉሼንኮ በሶቺ በ2014ም ነበር። አራት ኦሊምፒክ፣ አራት ሜዳሊያ፤ በዚህ ስፖርት ከእሱ በፊት እዚያ የደረሰው በ1920ዎቹ ዘመን የነበረው ስዊድናዊው ጊሊስ ግራፍስትሮም ብቻ ነው።

የሌኒንግራድ_ተማሪ

ልጆች፣ እኔ በዚያ አገር የተማርኩ ሰው ነኝና ጣልቃ ልግባ። በተማሪ ማደሪያችን አንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ነበር፤ «ፊጉርኖዬ ካታኒዬ» (ፊገር ስኬቲንግ ማለት ነው) ያለበት ማታ ወንበር ለማግኘት ቀደም ብሎ መሄድ ያስፈልጋል። ዘበኛዋ አሮጊት ሳትቀር ሹራብ መሥሪያዋን ይዛ ትመጣለች። በኬሚስትሪ ፈተና ዋዜማ እንኳን የቀረ የለም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በእኛ ጊዜ ሶቪየቶች የሚመኩት በጥንዶች ነበር። ከ1964 ጀምሮ የጥንድ ወርቅ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። በወንዶች ነጠላ ግን አንድም የኦሊምፒክ ወርቅ አልነበራቸውም። ያ የመጣው አገሪቱ ከፈረሰች በኋላ ነው፤ በ1992 ዩክሬናዊው ፔትሬንኮ፣ በ1994 ኡርማኖቭ፣ በ1998 ኩሊክ፣ በ2002 ያጉዲን፣ በ2006 ፕሉሼንኮ። አምስት ተከታታይ። ከአምስቱ ኡርማኖቭና ፕሉሼንኮ በቀጥታ የአሠልጣኝ አሌክሲ ሚሺን ልጆች ናቸው፤ ያጉዲንም ያደገው በሚሺን እጅ ነው፤ በኋላ ነው ወደ ሌላዋ አሠልጣኝ ወደ ታቲያና ታራሶቫ የሄደው።

ለምን ሄደ? በዩቢሌይኒ የስፖርት አዳራሽ በአንድ በረዶ ላይ ሁለቱ ይለማመዱ ነበር። ፕሉሼንኮ ከቮልጎግራድ የመጣው በ11 ዓመቱ ነው፤ እዚያ የሚለማመድበት ሜዳ ተዘግቶ። እነዚያ ዓመታት ደመወዝ የማይከፈልባቸው፣ የስፖርት አዳራሾች የሚዘጉባቸው ነበሩ። ከእናቱ ተለይቶ በማያውቀው ከተማ ይኖር የነበረ ልጅ በ14 ዓመቱ የዓለም የወጣቶች ሻምፒዮን ሆነ፤ በ15 ዓመቱ በአዋቂዎቹ የዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘ። በዚያው ውድድር ወርቁን የወሰደው ያጉዲን ነው። አሠልጣኙ ለታናሹ ያደላል ብሎ ያመነው ያጉዲን በዚያው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሁለት ወንድማማቾች የውርስ ክርክር ይመስለኛል።

ያጉዲን_ይበልጣል

ጋሼ፣ እርስዎ ሲጽፉ ዝም ብዬ ነው የማነበው። ግን ውርሱን ማን ወሰደ የሚለውን አልነገሩንም።

የሌኒንግራድ_ተማሪ

ሁለቱም ወስደዋል፤ አንዱ በዳሌው፣ ሌላው በጀርባው ከፍሎ።

ቁጥር_አይዋሽም

ውይይቱን የከፈትከው ወንድሜ፣ ሒሳብህ ቆንጆ ነው፤ ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው የምትፈልገው። የዳኞቹን ወረቀት ሙሉውን እንመልከት።

በረጅሙ ትርዒት ላይሳቼክ 167.37፣ ፕሉሼንኮ 165.51። ይህ በሁለት ይከፈላል፤ የቴክኒክ ነጥብና የአቀራረብ ነጥብ። የአቀራረቡ ነጥብ ለሁለቱም እኩል ነው፤ 82.80 እና 82.80። ስለዚህ «አሜሪካዊውን በውበት አስበለጡት» የሚለው ወሬ በቁጥሩ ላይ አይታይም። እንዲያውም ሌላኛው ወገን «ፕሉሼንኮ በዝላዮቹ መካከል ባዶውን እየተንሸራተተ እንዴት እኩል ተሰጠው?» ሲል ያጉረመርማል። ፕሉሼንኮ ራሱ ከውድድሩ ቀደም ብሎ፣ እኔና ፈረንሳዊው ዡቤር በዝላይ መካከል መሸጋገሪያ የለንም፣ የምናተኩረው ዝላይ ላይ ነው ብሎ ነበር። አንድ አሜሪካዊ ዳኛ ያንን አስመልክቶ ለባልደረቦቹ ኢሜይል ላከና ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ።

አሁን ቴክኒኩ። ዝላዩ፣ ሽክርክሪቱ፣ የእግር ሥራው ሁሉ መነሻ ዋጋ አለው። የፕሉሼንኮ መነሻ 75.03 ነው፤ የላይሳቼክ 74.93። ልብ በል፤ አምስቱን ዝላይ ወደ መጨረሻ ካሸጋገረው ሰው ጋር ሲተያይ እንኳን ፕሉሼንኮ በ0.10 ይበልጣል። ስለዚህ የዝላዮቹ አቀማመጥ አልገደለውም። የገደለው ዳኞቹ ለአፈጻጸም ጥራት የሚጨምሩት ነው፤ ላይሳቼክ 9.64 ተጨመረለት፣ ፕሉሼንኮ 7.68። በዚያች በኩል ብቻ ወደ ሁለት ነጥብ ገደማ ሄደ።

ቪዲዮውን በዝግታ ተመልከት። ፕሉሼንኮ አየር ላይ ተጣሞ እንደ ድመት በእግሩ ያረፈባቸው ዝላዮች አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በጀርባው ይወድቅ ነበር። እሱ ግን አዳነው። ማዳን ያስደንቃል እንጂ ነጥብ አይጨምርም።

ከሽቱትጋርት

እጅ ሰጥቻለሁ፤ ግማሹን። የእኔ 1.32 ግን እንዳለች ናት። ጥራቱ ያው ሆኖ ሁለት ዝላይ ብቻ ቢያሸጋግር በአንድ መቶኛ ያሸንፍ ነበር። ይህን መካድ አትችልም።

ቁጥር_አይዋሽም

«ጥራቱ ያው ሆኖ» ያልከው ላይ ነው ችግሩ። ሦስት ደቂቃ ከተንሸራተተ በኋላ አክስሉ ያው አክስል ይሆናል ብለህ ነው?

ብሌን_ከሐይፋ

እዚህ ላይ ሙያዬ ነውና አንድ ነገር ልበል፤ በእንቅስቃሴ ሕክምና ነው የምሠራው። ስኬተር ሁልጊዜ በአንድ እግር፣ በአንድ ጎን፣ ወደ ኋላ እየሄደ ነው የሚያርፈው። ጠንካራ ጫማው ቁርጭምጭሚቱን ስለሚይዘው ድንጋጤውን ጉልበት፣ ዳሌና ወገብ ይካፈሉታል። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ከልጅነት ጀምሮ። ፕሉሼንኮ በቫንኩቨር 27 ዓመቱ ነበር፤ ከቱሪን በኋላ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ከውድድር ርቆ በ2009 መከር ላይ ነው የተመለሰው። ከባዱን መጀመሪያ የጨረሰው ሒሳብ ስለማያውቅ አይመስለኝም። እግሩ ምን ያህል እንደሚቆይለት ያውቃል።

ስለ ጀርባው ደግሞ እዚህ እስራኤል ውስጥ በጊዜው ብዙ ተወርቷል፤ በጃንዋሪ 2013 የጀርባ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው እዚህ ነው። በዛግሬብ የአውሮፓ ሻምፒዮና አጭሩን ትርዒት ካሳየ በኋላ አቋርጦ መጣ፤ የተጎዳውን የጀርባ ዲስክ አውጥተው ሰው ሠራሽ ተኩለት። እኛ እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ጫማውን ጎንበስ ብሎ ሲያስር ስናይ በደስታ እናጨበጭባለን። እሱ ከዓመት በኋላ ሶቺ ላይ ባለአራት ዙር ዘለለ። ይህን ስጽፍ አድናቆት ይሁን ቁጣ የያዘኝ አላውቅም።

አለፍ_አለፍ

ቴሌቪዥን ላይ ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ የጡንቻ ልብስ ለብሶ ሲጨፍር። ያም እሱ ነው?

ከሽቱትጋርት

ያም እሱ ነው፤ ከውድድር ውጭ ባለው የትርዒት ምሽት። ዓለም በሳቅ ፈርሷል። ከዚያው ሰው ነው እግሩን በእጁ ይዞ ከራሱ በላይ የሚያነሣበት፣ ብዙ ጊዜ ሴቶች የሚሠሩት ሽክርክሪት የመጣው። የጎድን አጥንቱ ከላስቲክ የተሠራ ይመስል ነበር፤ ወገቡ በኋላ ለምን እንደከዳው ብሌን ሳትነግረንም መገመት ይቻላል።

ያጉዲን_ይበልጣል

የሶቺን ታሪክ እናንተ ስታወሩት ጀግንነት ብቻ ይሆናል። ሌላም ወገን አለው። ሩሲያ በራሷ ኦሊምፒክ በወንዶች አንድ ቦታ ብቻ ነበራት፤ ምክንያቱም በ2013 የዓለም ሻምፒዮና ወጣቱ ማክሲም ኮቭቱን 17ኛ ወጣ። ይኸው ኮቭቱን ግን በዲሴምበር የሩሲያ ሻምፒዮና ፕሉሼንኮን አሸነፈው። ያም ሆኖ በዝግ አዳራሽ፣ በባለሥልጣናት ፊት በተደረገ ሙከራ ቦታው ለፕሉሼንኮ ተሰጠ። የሆነውን ታውቃላችሁ። በቡድን ውድድሩ ተሳትፎ ወርቅ አገኘ፤ ፌብሩዋሪ 13 በነጠላው ማሞቂያ ላይ አንድ አክስል ዘልሎ ጀርባውን ያዘ፣ ወደ ዳኛዋ ሄዶ ወጣሁ አለ። አዳራሹ ሙሉ ሰው፣ ሩሲያ ደግሞ ተወዳዳሪ የላትም። ያ የ18 ዓመት ልጅ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያንን አየ። እኔ ለእሱ ነው ያዘንኩት።

ብሌን_ከሐይፋ

ለኮቭቱን ማዘንህ ትክክል ነው። ግን ጀርባው ውሸት አልነበረም። በኋላ እንደተናገረው ከጀርባው ብሎኖች አንዱ ተሰብሮ ነበር።

ያጉዲን_ይበልጣል

ውሸት ነው አላልኩም እህቴ። ብሎን ያለበትን ሰው ለምን ብቸኛ አድርገው ላኩት ነው የምለው።

ቁጥር_አይዋሽም

የቡድኑ ወርቅ የምጽዋት ወርቅ አልነበረም፤ ይህም ይጻፍ። በአጭሩ ትርዒት 91.39 አግኝቶ ከጃፓኑ ዩዙሩ ሃንዩ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ በረጅሙ 168.20 አግኝቶ አንደኛ። በ31 ዓመቱ። ሃንዩ ደግሞ በልጅነቱ ፕሉሼንኮን ከማድነቁ የተነሣ ፀጉሩን እንደ እሱ ያስቆርጥ ነበር፤ እንጉዳይ የመሰለውን ቁርጥ። ከአምስት ቀን በኋላ የነጠላውን ወርቅ የወሰደው ያ ልጅ ነው።

የሌኒንግራድ_ተማሪ

ወደ ቫንኩቨር ልመልሳችሁ፤ ሩሲያውያን ያን ያህል ለምን እንደተቆጡ በቁጥር ብቻ አይገባም። በዚያ ኦሊምፒክ የጥንዶቹም ወርቅ ለቻይና ሄደ። ከ1960 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሩሲያ ከፊገር ስኬቲንግ አንድም ወርቅ ሳትይዝ ተመለሰች። ፑቲን ሳይቀር ብርህ ወርቅ ያወጣል የሚል ቴሌግራም ላከ። ፕሉሼንኮም አበዛው፤ ወደ ብር ቦታው ሲሄድ የወርቁን ሰገነት ረግጦ አለፈ፣ ድረ ገጹ ላይ «የቫንኩቨር ፕላቲኒየም» ብሎ ሜዳሊያ ፈጠረ። ያን ቀን አፈርኩለት። የሰጡህን ተቀብለህ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ያስከብራል።

ከሽቱትጋርት

ጋሼ፣ በሰገነቱ ነገር እስማማለሁ። በዋናው ነገር ግን ጊዜ ፈረደለት። ካናዳዊው ኤልቪስ ስቶይኮ፣ ሩሲያዊ ሳይሆን፣ በዚያው ሰሞን እንደ እሱ ተቆጥቶ ጽፏል። በዚያው ዓመት የባለአራት ዙር ቶሉፕ (ፕሉሼንኮ የዘለለው ዓይነት ዝላይ) መነሻ ዋጋ ከ9.8 ወደ 10.3 ከፍ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ያለ ባለአራት ዙር ዝላይ ኦሊምፒክ ያሸነፈ ወንድ የለም። በ2018 ናታን ቼን በአንድ ረጅም ትርዒት ስድስት ሞከረ። ስድስት! የቀደመው ሰው ክርክሩን ረታ፤ ወርቁን ግን አልመለሱለትም።

ቁጥር_አይዋሽም

ደንብ ከውድድር በኋላ ቢለወጥ ውድድሩ አይለወጥም። በዚያ ምሽት የነበረው ደንብ ለሁለቱም አንድ ነበር፤ ላይሳቼክ አንብቦት መጣ። ለእኔ ግን የፕሉሼንኮ ትልቁ ድል ቱሪንም ሶቺም አይደለም። ሼፊልድ 2012 ነው። በ2010 ያለፈቃድ በትርዒት ስለተሳተፈ የዓለም ፌዴሬሽኑ የመወዳደር መብቱን ነጥቆት ነበር፤ በ2011 መለሱለት። በ29 ዓመቱ መጥቶ ሰባተኛ የአውሮፓ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለተኛ የወጣው ጋቺንስኪ የዚያው የሚሺን ልጅ ነው፤ ትንሹ ልጅ በትልቁ ሲሸነፍ ሚሺን ለማን እንዳጨበጨበ እንጃ።

ያጉዲን_ይበልጣል

ለሼፊልድ አጨበጭባለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ።

አለፍ_አለፍ

ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ አገር ሲኖሩ በረዶው ላይ ወጥተው ያውቃሉ?

የሌኒንግራድ_ተማሪ

አንድ ክረምት። በየላጊን ደሴት መናፈሻ ጫማ ያከራያሉ። ለእግሬ የሚሆን ቁጥር ስላልነበረ ሁለት ካልሲ ደርቤ ገባሁ። አጥሩን ይዤ ሁለት እርምጃ ሄድኩ፣ ለቀቅሁት፣ ሰማይ አየሁ። ስነሣ ወደቅሁ፤ ደግሜ ስነሣ ደግሜ ወደቅሁ። ሰባት ዓመት የሚሆናት፣ ባለቀይ ኮፍያ ልጅ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ የካፖርቴን እጅጌ ይዛ «ኮሌኒ! ኮሌኒ!» ትለኛለች። ጉልበት፣ ጉልበት ማለቷ ነው፤ ጉልበትህን እጠፍ፣ እንደ እንጨት አትገተር። አጠፍኩ። አስር ሜትር ያህል ሄድኩ።

በቫንኩቨሩ ምሽት ፕሉሼንኮ አየር ላይ ተጣሞ ሲወርድ ሶፋዬ ላይ ሆኜ «ኮሌኒ!» ብዬ ጮኽኩ። እሱም አጠፈውና ቆመ። ሴት ልጄ ከመኝታ ቤቷ ወጥታ «አባዬ፣ ማንን ነው የምትጠራው?» አለችኝ።